ለገንዳው ወለል የመረጥነው

ከራሴ የጨመርኩበት አንድ ቃል የለም።

ወላሂ ብዬ ነው የምጀምረው። በዚህ ዕድሜዬ በረቢ ስም ዋሽቼ የት ልገባ?

ሰዓቱ ቀትር ነበር። ስድስት ሰዓት አልፎ የዙሁር አዛን ሊል ጥቂት ሲቀረው... የሰው ጥላ እግሩ ሥር ገብቶ የሚጠፋበት ሰዓት።

ቦታው ሸዋ ሮቢት ነው፣ ወደ ጀውሃ በሚያወጣው አስፋልት ዳር።

የቻናሉ ልጆች፣ እዚህ የምታነቡት ሁሉ በጨለማ የሚሆን ነው። የእኔ ግን ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ ሰው ሁሉ እያየ የሆነ ነው። ጨለማ ቢሆንማ "ዓይኔ ነው" ብዬ እተወው ነበር።

ሐጂራ እባላለሁ። ልጄ ሐምዲያ ያገባችው ሰዲቅ የሚባል ሰው ነው። የማንጎ ዛፍ የበዛበት ግቢ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ አለው። መሐሉ ላይ መዋኛ ገንዳ አለ።

ያላቸው ልጅ አንዲት ናት። ናጅዋ። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባች።

እናቷ እንግዳ ስትቀበል ትውላለች፣ አባቷ ከመኪና አይወርድም። ናጅዋን እኔ ነኝ የማያት። በባዶ እግሯ ስትሮጥ ካየሁ ልቤ ትቆማለች። "እትዬ ሐጂራ ልጅቱን በጥጥ ጠቅልለው ያስቀምጧት" እያሉ ሠራተኞቹ ይስቁብኛል።

ይሳቁ።

የገንዳው ቀለም እየተላጠ የእንግዶችን እግር መቧጨር ጀመረ። ሰዲቅ ውኃውን አስወጣና ከአዲስ አበባ እዮኤል የሚባል የገንዳ ሠሪ አስመጣ። ወሬው ደስ የሚል ልጅ ነው፤ ከመኪናው ሳይወርድ "ማዘር" ማለት የጀመረ።

ናሙናዎቹን ማንጎው ሥር ደረደራቸው።

ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የልስን ቁራጭ። ሴራሚክ። የተፈጨ እምነበረድ የገባበት ልስን። መጨረሻ ላይ ደግሞ እንደ ምንጣፍ የተጠቀለለ ወፍራም ነጭ ፕላስቲክ።

"ይሄ ላይነር ይባላል ማዘር። አይለጠፍም፣ አይቀባም። ገንዳውን ዝም ብሎ ይለብሰዋል።"

"ሸራ ነዋ።"

"ሸራ እንኳን አይደለም ማዘር..."

"ሸራ ነው ልጄ።"

ሰዲቅ ሳቀ። "እዮኤል፣ አትድከም። እማማ ሸራ ካሉ ሸራ ነው።"

እርጥብ ሲሆን መልኩ ይለወጣል ብሎ በሁሉም ላይ ውኃ እያፈሰሰ አሳየን። ሰዲቅ ጥቁር ሰማያዊውን ሴራሚክ ወደደ። ፎቶ ላይ ያምራል አለ።

እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው።

"ልጅ ከሥር ብትሆን፣ ከላይ የምትታየው በየትኛው ነው?"

እዮኤል ወደ ናሙናዎቹ ዞረ።

"በነጩ፣" አለ እዮኤል ቀስ ብሎ። "በጥቁሩማ ታች ያለ ነገር አይታይም።"

"እማማ ደግሞ! ውኃ ሳይገባበት አሰመጧት!" አለ ሰዲቅ።

"አፍህን ያዝ! አስተግፊሩላህ በል።"

"አስተግፊሩላህ፣" አለ፤ እየሳቀ ግን።

እዮኤል ሜትሩን ይዞ ወደ ባዶው ገንዳ ወረደ። ጥልቁ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ አለ።

"ጋሼ ሰዲቅ... ልስኑ ሳይደርቅ ሰው ረግጦት ነበር እንዴ?"

ወረድን። በባዶ ገንዳ ውስጥ ድምፅ ያስተጋባል፤ የነጠላ ጫማዬ ኮቴ እንኳ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ላይ የእግር አሻራ አለ። የቀኝ እግር። አንድ ብቻ።

የሰዲቅ ፊት በራ።

"የናጅዋ ነው! ረስቼው! ስም ስናወጣላት አቂቃዋን ያረድን ዕለት ግንበኞቹ የመጨረሻውን ልስን እየጨረሱ ነበር። 'የባለቤት ምልክት ይደረግበት' አሉኝ። ሰው ሁሉ ስሙን ነው የሚጽፈው። እኔ ልጄን ከአራስ ቤት አምጥቼ እግሯን አተምኩበት።"

"በሳምንቷ?" አልኩት።

"በሳምንቷ።"

"በስንት ሰዓት?"

"ግንበኞቹ ለምሳ ሊወጡ ሲሉ... ቀትር ላይ መሰለኝ። ምነው?"

ልጆች፣ በእኛ በይፋት አርባ ያልሞላው ጨቅላ ከአራስ ቤት ደጃፍ አይወጣም። በቀትርማ ወደ ውኃ ቦታ... ያ ረቢ! ጠላት እንኳ አያደርገውም። እኔ ይህን ጉድ የሰማሁት ገና ያን ዕለት ነው።

ግን ልቤን ያቆመው እሱ አልነበረም።

የሳምንት ልጅ እግር ስንት ያህል ነው? ከአውራ ጣቴ ብዙም አይበልጥ።

እጄን ዘርግቼ አሻራው ላይ አኖርኩ።

አሻራው ከእጄ ይረዝማል።

"ሰዲቅ..." አልኩ በሹክሹክታ። "ይሄ የሕፃን እግር ነው?"

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ።

"ሲሚንቶ ሲቆይ... ይለጠጣል አይደል እዮኤል?"

"ይሰነጠቃል እንጂ ጋሼ። የሚለጠጥ ሲሚንቶ አላየሁም።"

"አያቴ፣ ምን አገኛችሁ?"

ናጅዋ ናት። "አትውረጂ!" ሳልላት ወርዳለች። አንድ ጫማዋን አወለቀች፤ እንደ ጨዋታ ቀኝ እግሯን አሻራው ውስጥ አስገባች።

ልክክ አለ።

ተረከዟም፣ አምስቱም ጣቶቿ።

"የእኔ ነው!" ብላ ሳቀች።

ባለፈው ረመዳን ቆርቆሮ ረግጣ መርገጫዋ ተሰንጥቋል፤ ጠባሳው ከአውራ ጣቷ ሥር ወደ መሐል ይሄዳል። እግሯን ስታነሳ አሻራው ውስጥ አየሁ።

ያው መስመር ነበር። ከአውራ ጣቱ ሥር... ወደ መሐል።

ቆርቆሮውን ስትረግጥ ገንዳው ውኃ ሞልቶ፣ በቀለም ተሸፍኖ ነበር እኮ!

ጣቴን ሰደድኩ። ገንዳው ከደረቀ ሰንብቷል፤ አሻራው ግን እርጥብ ነው።

ውኃ አይደለም። ላብ ነው።

ሰዲቅ በማግሥቱ "ወሬ ይብቃ፣ ሴራሚክ ይለጠፍበት" አለ። እዮኤል ሴራሚክ እንዲይዝ የድሮው ልስን መቆርቆር አለበት ብሎ መሮና መዶሻ አነሳ። እኔ ናጅዋን ይዤ ማንጎው ሥር ተቀመጥኩ። ጸጉሯን እየሠራሁላት ነበር።

ጠቅ... ጠቅ... ከሩቁ ጥግ ጀመረ። ናጅዋ ታንጎራጉራለች።

ጠቅ... ጠቅ... ቀረበ።

ጠቅ።

ናጅዋ ጮኸች።

እንዲህ ያለ ጩኸት ከልጅ አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ቀኝ እግሯን በሁለት እጇ ይዛ ተንከባለለች። ጫማዋን አወለቅሁ። ደም የለም፣ ቁስል የለም። ተረከዟ ላይ ግን የመሮ ጫፍ የሚያህል ሰማያዊ ነገር ወጥቷል።

"እሾህ ነው!" አለ ሰዲቅ እየሮጠ መጥቶ።

"የቱ እሾህ? ጫማ አድርጋለች!"

እግሯን አየ። ወደ ገንዳው ዞረ። እዮኤል መሮውን የአሻራው ተረከዝ ላይ እንደያዘ ቀና ብሎ ያየናል።

ሰዲቅ ወርዶ መዶሻውን ተቀበለው።

"ምን ልታደርግ ነው?" አልኩ።

"አንድ ጊዜ ብቻ።"

"ልጅህ ናት እኮ!"

"ለዚህ ነው ማወቅ ያለብኝ እማማ!"

መታው።

እቅፌ ውስጥ ያለችው ልጅ ተርገፈገፈች። ድምፅ እንኳ አልወጣትም። አፏን ከፍታ ቀረች... ከዚያ ነው ጩኸቱ የመጣው።

ሰዲቅ መዶሻውን ጥሎ ከገንዳው ወጣ። የልጁን ተረከዝ ሁለተኛ ያቆሰለው እሱ ነው። ይህን እኔ አልረሳለትም፤ እሱም አይረሳው።

መቆርቆር ቀረ። እዮኤል ቀለም ይሻላል አለ።

"አይመታም ማዘር፣ አይፋቅም። ላዩ ላይ ይቀባል ብቻ። ትንሽ እንሞክር።"

ጠዋት ላይ አሻራውን በሰማያዊ ቀለም ቀባው። ናጅዋን አጠገቤ አስቀምጬ ፊቷን ፊቷን አያለሁ። ምንም አልሆነችም። አልሐምዱሊላህ አልኩ።

"አያቴ..."

"ወይዬ።"

"እግሬ ተኛ።"

"ቀስ ብለሽ አንቀሳቅሺው ይነቃል።"

"አይነቃም። የሆነ ነገር ለብሷል።"

እግሯን አሸሁት። ቀዝቃዛ ነው። በዚያ ሙቀት!

ቀትር ላይ ሶላት ልሰግድ ውዱእ ሳደርግ ከዓይኔ ተሰወረች። ስወጣ የገንዳው ዳር ላይ ቆማለች፣ በባዶ እግሯ።

የሮቢትን ፀሐይ የማታውቁ... በቀትር ሲሚንቶ ላይ ባዶ እግር አይቆምም። የገባ እንግዳ ሁሉ እየዘለለ ነው የሚያልፈው። ዶሮ እንኳ ጥላ ጥላውን ነው የምትሄደው።

ናጅዋ ግን በቀኝ እግሯ ብቻ ቆማለች። ግራውን አንስታ ሚዛን ትጫወታለች።

"አያቴ እዪ! ይሄኛው አያቃጥልም!"

ሮጬ አነሳኋት። ከሲሚንቶው ስትላቀቅ ፕላስተር ሲላጥ የሚወጣ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ።

መርገጫዋ...

አልጽፈውም። እናት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ።

እሷ ፈገግ ብላ ታየኛለች። "ምነው አለቀስሽ?" ትለኛለች።

ለእናቷ ወረወርኳት ማለት ይቀላል። የእዮኤልን ቀለም ማስለቀቂያ ቲነርና ጨርቅ አንስቼ ገንዳው ውስጥ ገባሁ። ተንበርክኬ አሻራውን መጥረግ ጀመርኩ። ቀለሙ ገና አልጠነከረም። ከጣቶቹ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ጣት ሲጸዳ ከላይ ጩኸቱ መጣ።

የታጎለው ሕመም ሁሉ አንድ ላይ ነው የገባባት። በጠረግሁ ቁጥር ጩኸቷ ይብሳል። ሐምዲያ "እማዬ ተይ! ገደልሻት!" ትላለች።

ብተወው እግሯ ይሞታል። ብጠርገው ልጄ ትጮሃለች።

ጠረግሁ። እስከ ተረከዙ ጠረግሁ። በጨርቁ ያልወጣውን በጥፍሬ ጫርኩት።

የጤና ጣቢያው ልጅ "የጋለ ሲሚንቶ ነው፣ ለልጅ ተጠንቀቁ እንጂ" ብሎ ተቆጥቶ አሰረልን። ምን ይባላል?

ያን ቀን ከሰዓት ሁላችንም ማንጎው ሥር ተቀመጥን። ናጅዋ ጭኔ ላይ ተኝታለች።

"በአፈር ሙሉት፣" አልኩ። "ገንዳ አልፈልግም። አፈር ሙሉትና ሽንኩርት ይተከልበት።"

ሰዲቅ እሺ ሊል አፉን ከፈተ። ሐምዲያ ቀደመችው። ስትናገር ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀስ።

"እማዬ... ቀለም ሲነካው እግሯ ከደነዘዘ... አፈር ሲለብስ ምን ትሆናለች?"

ናጅዋን ወደ ደረቴ ሳብኳት።

"አፈር የሚለብስ ማን ነው እማዬ?"

"በቃ አልኩሽ! በቃ!"

እንግዲያው ባዶውን ይቀመጥ ተባለ። እሱም አልሆነም። ለዓመታት ውኃ ሥር የኖረ አሻራ ፀሐይ ሲመታው ዳር ዳሩ መሰነጣጠቅ ጀመረ። ቀና ብዬ ናጅዋን ሳያት የእሷም ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። ከቃጠሎው ይሁን ከምኑ... ስንጥቁ በየቀኑ ወደ ቁርጭምጭሚቷ ይወጣል። ውኃ በጆግ እያመጣሁ አሻራው ላይ አፈስሳለሁ። ሳፈስስ ትንሽ ቀለል ይላታል። ወዲያው ይደርቃል።

እዮኤል ወደ አዲስ አበባ ሳይመለስ የቀረው ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። "ማዘር፣ የመታሁት እኔ ነኝ። እንዴት ልሂድ?" አለኝ።

ነጩን ጥቅልል ያነሳውም እሱ ነው።

"ይሄኛው አይነካውም። አይጣበቅበትም። ፀሐይ ይከልልለታል። ከላይ ግን ውኃ ያስፈልጋል፤ ውኃ ካልተጫነው ነፋስ ያነሳዋል፣ ሙቀት ያኮማትረዋል።"

ሁሉም እኔን አዩ። ለምን እኔን እንዳዩ አላውቅም።

"ነጭ መሆኑ ጥሩ ነው፣" አልኩ። "ሸራውን አልብሱት።"

የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ሸራው ተዘረጋ። ገና ጥላው አሻራው ላይ ሲያርፍ ናጅዋ በረጅሙ ተነፈሰች። ስንጥቁ በቀናት ውስጥ ገጠመ። ቁስሏም ደረቀ። በጎረቤት ያሉ ሴቶች ተጠርተው ዱአ አደረግን። እያነከሰችም ቢሆን መሮጥ ጀመረች፤ እኔም ቁጣዬን ጀመርኩ።

እዮኤል የሸራውን መጋጠሚያዎች በሙቅ አየር እርስ በርስ እያጣበቀ ጥልቁ ጋ የመጨረሻዋ ክፍተት ስትቀር ናጅዋ መጣች።

"እግሬን ቻው ልበለው።"

"አይሆንም!" አልኩ።

"አያቴ አንዴ ብቻ..."

"ይሁን እማማ፣ እኔ እይዛታለሁ" አለ ሰዲቅ።

አሻራው ጋ ጎንበስ ስትል አየኋት። ሸራውን ገለጥ አድርጋ በትንሽ እጇ አሻራውን ስትዳብስ። እዮኤል የመሣሪያውን ገመድ ሊያስረዝም ወጥቷል። በዚያው ሰዲቅን ስልክ ጠራው። ዞር አለ። እኔም እሱን ልቆጣ ዞርኩ።

መልሼ ስዞር የለችም።

"ናጅዋ!" አለች ሐምዲያ ከላይ።

"አቤት!"

ድምፁ የመጣው ከኋላችን ነው። ከማንጎዎቹ በኩል ብቅ አለች። ደረጃውን ስትወጣ ማንም አላየ። ልጅ ፈጣን ነው አልን። ጸጉሯ ላይ ነጭ የሲሚንቶ ብናኝ ነበር፤ አራገፍኩላት።

አታነክስም ነበር። ወላሂ ደስ አለኝ።

እዮኤል ክፍተቷን ዘጋት።

ውኃ የተለቀቀው በማግሥቱ ነው። ጎማው ሲንዶቆዶቅ ቆይቶ ቀትር ላይ ጥልቁ የጉልበት ያህል ሞላ። እኔ ዳር ላይ ምንጣፍ ዘርግቼ ናጅዋን ጭኔ ላይ አድርጌያታለሁ። ማንጎ ትልጣለች። ሰዲቅና ሐምዲያ ማዶ ቆመዋል። እዮኤል ደረጃው ላይ ተቀምጦ ውኃውን ያያል።

"አየር ገብቷል፣" አለ።

ጥልቁ ላይ ሸራው እብጥ ብሏል። ትንሽ ናት፤ የብርጭቆ አፍ የምታህል።

"ውኃው ሲከብድ ይወጣል።"

አልወጣም። ሌላ እብጠት አጠገቡ ተነሳ። የመጀመሪያው ጠፋ። ደግሞ ከፊቱ ተነሳ... ያኛው ጠፋ።

ከሥር የሚራመድ ነገር ነው።

ተረከዝ። ጣቶች። ተረከዝ። ጣቶች።

ቀስ ብሎ ወደ ደረጃው መጣ። በቀኙ ያነክሳል።

"አዑዙ ቢላህ..." አለ ሰዲቅ።

ደረጃው ሥር የወለሉ ሸራ ከግድግዳው ሸራ ጋር የተጣበቀበት ደርሶ ቆመ። ከዚያ ሁለት ትንንሽ መዳፎች ከሥር ነጩን ገፉት። ጣቶቹን መቁጠር ይቻል ነበር።

"አያቴ..."

ከታች ነው። ትራስ ውስጥ እንደ ተቀበረ ድምፅ።

"አያቴ... ክፈቺልኝ..."

ጭኔ ላይ ያለችውን አየሁ። ማንጎዋን እየበላች ነው። ሞቃት ናት። ልቧ ክንዴ ላይ ይመታል። የሠራሁላት ሹሩባ፣ የገዛሁላት የጆሮ ጌጥ።

"እማ... እማ ውኃው ከበደኝ..."

ሐምዲያ ጮኸች። "ልጄ ናት! ይሄ የልጄ ድምፅ ነው! ቅደደው እዮኤል!"

"ሐምዲያ! ልጅሽ እኔ ጋ ናት! እዪ! ይቻትና!"

አየቻት። ልጄ ሐምዲያ እቅፌ ውስጥ ያለችውን ልጅ አየቻት... ወደ ኋላ ሄደች።

"እሷ አይደለችም" አለች።

እዮኤል ቢላውን አውጥቷል። ሰዲቅን ያያል፣ ሰዲቅ እኔን ያያል። ከሥር መዳፎቹ ይገፋሉ። ጎማው ይንዶቆዶቃል።

ጭኔ ላይ ያለችው ልጅ አንገቴን አቀፈች። አፏን ጆሮዬ ላይ አደረገች። ማንጎ ማንጎ ትሸታለች።

"አያቴ... እሷን ካወጣችኋት፣ እኔን የት ትከቱኛላችሁ?"

ልጆች፣ እናንተ ምን ታደርጉ ነበር?

ጩኸቷን ስትጮህ የያዝኳት በእነዚህ እጆቼ ነው። ያሰርኩላት፣ ያጎረስኳት በእነዚህ ነው። አሁንም እጄ ውስጥ ናት፤ ትተነፍሳለች። እዚያ ታች ያለው ምን እንደሆነ አላውቅም። ቀትር ነው፣ ውኃ ነው፤ በቀትር ከውኃ ሥር በስምሽ የሚጠራሽ ነገር ምን እንደሆነ እናቶቻችን ነግረውናል።

የያዝኩትን አለቅም።

"አትቅደዱት!" አልኩ።

እዮኤል ቢላውን ጣለ። ሐምዲያ ልትዘል ስትል ሰዲቅ ወገቧን ይዞ አስቀራት። እጁን ነከሰችው፤ አልለቀቃትም።

ውኃው ወጣ። ጉልበት፣ ወገብ... መዳፎቹ ዝቅ አሉ። ሸራው ለጠፍ አለ። ከሥር አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ተንፈራገጠ፤ ከላይ የሚታየው ግን ትንሽ ማዕበል ብቻ ነበር።

የመግሪብ አዛን ሲል ገንዳው ሞላ።

ይኸው እስከ ዛሬ ሙሉ ነው። ሰዲቅ ውኃውን አያስቀይርም፤ መድኃኒት ብቻ ይጨምርበታል። እንግዶች ይዋኙበታል። "ወለሉ እንዴት ይለሰልሳል!" ይላሉ። አንዲት የካራቆሬ ሙሽራ "እግሬን ከሥር ይኮረኩረኛል" ብላ ስትስቅ ሰምቼ ተነስቼ ገባሁ።

እዮኤል ሄደ፤ ስልክ አያነሳም። ሐምዲያ ማጀቴ ከተማ አክስቷ ዘንድ ናት። ልጅቱን ይዤ ልጠይቃት ብሄድ በሩን አልከፈተችም። ከውስጥ ሆና "ብቻሽን ነይ" አለችኝ።

ልጅቱ ጤነኛ ናት። ትበላለች፣ ትማራለች፣ የቁርኣን ሱራ ትቀራለች። እኔ ዘንድ ነው የምትተኛው። ጥሩ ልጅ ናት፤ ክፉ አላየሁባትም።

አንድ ነገር ብቻ።

ቀትር ላይ ሁሉም ጥላ ሲይዝ እሷ ወደ ገንዳው ትሄዳለች። ዳር ላይ በሆዷ ተኝታ ጆሮዋን ውኃው ውስጥ ትነክራለች። ታዳምጣለች። አንዳንዴ ትስቃለች፤ አንዳንዴ ውኃውን በጣቷ ቆርቆር፣ ቆርቆር ታደርገዋለች... ደግሞ ታዳምጣለች።

ዛሬም ተኛች። ቆረቆረች። አዳመጠች።

እንደገና ቆረቆረች።

ብዙ ቆየች። ከዚያ ጆሮዋ ውኃ እያንጠባጠበ ቀና አለች።

"አያቴ..." አለችኝ። "ዛሬ አልመለሰችልኝም።"

ተነስታ በዚያ እሳት በሆነ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግሯ ቀስ ብላ እየተራመደች ወደ እኔ መጣች።

እጆቿን ዘረጋችልኝ።

አቀፍኳት።